ስም ያበደሩ ሰዎች፦ የስደተኛ እጩ የምርጫ ዘመቻ ፍርድ ቤት የሚደርስበት መንገድ

በ2011 (እዚህ የተጠቀሱት ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ኒውዮርክ ውስጥ አንድ ሰው 16,000 ዶላር ሊሰጥ መጣ። ነጋዴ ነኝ አለ፤ ገንዘቡም ለከንቲባነት ለመወዳደር ይዘጋጁ ለነበሩት ለጆን ሊው እንዲሆን ፈለገ። የከተማዋ ሕግ ደግሞ አንድ ሰው ለአንድ የከንቲባ እጩ መስጠት የሚችለውን በዚያን ጊዜ በ4,950 ዶላር ይገድብ ነበር። የዘመቻው ገንዘብ አሰባሳቢ መላ አላጣም፦ ሃያ ሰዎች በየስማቸው 800 ዶላር ይሰጣሉ፣ ገንዘቡን ነጋዴው ይተካላቸዋል። ሃያ ጊዜ 800፣ 16,000። ሂሳቡ ልክ ገጠመ። ነጋዴው ግን ነጋዴ አልነበረም፤ የኤፍቢአይ ስውር ሠራተኛ ነበር።

ሊው ታይዋን ተወልደው በአምስት ዓመታቸው አሜሪካ የገቡ ናቸው። በ2001 የኒውዮርክ ከተማ ምክር ቤት አባል ሆነው ሲመረጡ ከእስያ ተወላጆች የመጀመሪያው ነበሩ፤ በ2009 ደግሞ የከተማዋ የፋይናንስ ተቆጣጣሪ ሆኑ። ለከንቲባነት ሲነሱ በየሰፈሩ ያለ የቻይና ማኅበረሰብ በትናንሽ ቼክ ደገፋቸው። በጥቅምት 2011 የኒውዮርክ ታይምስ ጋዜጠኞች ከለጋሾች ዝርዝር ስም እያወጡ በር ማንኳኳት ጀመሩ። አንዳንዱ ለጋሽ ሊገኝ አልቻለም። አንዳንዱ «እኔ ምንም አልሰጠሁም» አለ። በአንድ እጅ የተጻፉ የሚመስሉ ቅጾችም ተገኙ።

ከዚያ በኋላ ያለው ፈጣን ነው። ገንዘብ አሰባሳቢው በ2011 መጨረሻ፣ የዘመቻው ገንዘብ ያዥ ደግሞ በ2012 መጀመሪያ ተያዙ፤ በግንቦት 2013 ሁለቱም ጥፋተኛ ተባሉ። በጥቅምት አሰባሳቢው 4 ወር፣ ገንዘብ ያዧ 10 ወር እስራት ተፈረደባቸው። እሷ ጥፋተኛ ከተባለችባቸው ክሶች መካከል ምርመራ ማደናቀፍና ለመርማሪ ሐሰተኛ ቃል መስጠት ይገኙበታል፤ ወደዚህ በኋላ እንመለሳለን። ሊው ራሳቸው አልተከሰሱም። ግን ነሐሴ 5 ቀን 2013፣ ፓርቲያቸው እጩውን የሚለይበት ምርጫ ወር ከምናምን ሲቀረው፣ የከተማዋ የዘመቻ ፋይናንስ ቦርድ ሊሰጣቸው ይችል የነበረውን 3.5 ሚሊዮን ዶላር ገደማ የሕዝብ ገንዘብ ከለከላቸው። በመስከረሙ ምርጫ አራተኛ ወጡ። (በ2018 የኒውዮርክ ግዛት ሴናተር ሆነው ተመልሰዋል።)

800 ዶላር ከገደቡ በታች ከሆነ ጉዳዩ ለምን እንዲህ ከበደ? መልሱ የሕዝብ ገንዘብ ነው። በዚያን ጊዜ ኒውዮርክ ከተማ እያንዳንዱ ነዋሪ ለእጩ ከሰጠው ላይ የመጀመሪያውን 175 ዶላር በስድስት እጥፍ ትደጉም ነበር። ስለዚህ አንድ የተበደረ ስም ለዘመቻው 800 ዶላር ብቻ አያመጣም፤ ከከተማዋ ካዝና 1,050 ዶላር ይጎትታል። ሃያ የተበደረ ስም እስከ 21,000 ዶላር ማለት ነው። ዐቃቤ ሕግ ጉዳዩን እንደ ቅጽ ስህተት ሳይሆን ከተማዋን እንደማጭበርበር ያቀረበው ለዚህ ነው። ዛሬ ኒውዮርክ የምትደጉመው በስምንት እጥፍ ነው፤ ዋሽንግተን ዲሲም በአምስት እጥፍ የሚደጉም ፕሮግራም አላት። ድጎማው በጨመረ ቁጥር የተበደረ ስም ዋጋ ይጨምራል፣ የመርማሪውም ዓይን እንደዚያው።

መዋጮው እና ስሙ

እንግሊዝኛው እንዲህ ያለውን ለጋሽ «የገለባ ለጋሽ» ይለዋል። ስያሜው ለእኛም አይከፋም፦ ገለባው እዚህ አለ፣ ፍሬው ግን ሌላ ሰው ኪስ ውስጥ ነው። የፌዴራሉ ሕግ ሦስት ሰዎችን በአንድ ዓረፍተ ነገር ይይዛል፦ በሌላ ሰው ስም የሚሰጠውን፣ ስሙን አውቆ የሚያበድረውን፣ እና አውቆ የሚቀበለውን። አዘጋጁም ከዚህ አያመልጥም።

ይህ ሕግ የስደተኛ ማኅበረሰቦችን ደጋግሞ የሚይዘው ከሌላው ይበልጥ አጭበርባሪ ስለሆኑ አይደለም። ገንዘብ የምናሰባስብበት ልማድ ሕጉ ከሚፈልገው ጋር ስለሚጋጭ ነው። ለቅሶ ሲደርስ፣ ሰርግ ሲደገስ፣ አገር ቤት ሰው ሲታመም እንዴት እንደምናዋጣ እናውቀዋለን። አንዱ ወረቀት ይይዛል። ሌላው «የእኔን አንተ ክፈልልኝ፣ ዓርብ እሰጥሃለሁ» ይላል። ደህና የተሳካለት ነጋዴ «የአሥር ሰው በእኔ ይሁን፤ ስማቸውን ጻፉት» ይላል፣ ይመረቃል። ለእድር ይህ ደግነት ነው፤ ዋናው ገንዘቡ መሙላቱ ነውና። ለምርጫ ሕግ ግን ዋናው ገንዘቡ ከማን ኪስ እንደወጣ ነው። «የአሥር ሰው በእኔ ይሁን» ያለው ነጋዴ በሕጉ ዓይን አሥሩን መዋጮ ሁሉ የሰጠው እሱ ነው፤ አሥሩ ስሞችም ሐሰት ናቸው።

«ክፈልልኝ» ለሚለውም መድኃኒቱ ቀላል ነው፦ ሰውየው ዓርብ ራሱ፣ በራሱ ካርድ ይክፈል። እስከዚያ ስሙ አይጻፍ።

አሠሪ ለሠራተኞቹ የሚያደርገው ከሁሉ የከፋ ነው፣ ምክንያቱም ማስረጃውን ራሱ ያትመዋል። ሠራተኛው 500 ዶላር ይሰጣል፤ በሚቀጥለው ደሞዝ ላይ 500 ዶላር ጉርሻ ይወጣለታል፣ ወይም «የነዳጅ» ተብሎ ይመለስለታል። የባንክ ሂሳቡ ሲወጣ ሁለቱ ቀኖች ጎን ለጎን ይቀመጣሉ።

በፌዴራል ምርጫ አውቆ በሌላ ሰው ስም መስጠት በአንድ ዓመት ውስጥ በድምሩ ከ10,000 ዶላር ካለፈ እስከ 2 ዓመት፣ 25,000 ዶላር ከደረሰ እስከ 5 ዓመት ያሳስራል። መቀጮው ከተሰጠው ገንዘብ ሦስት እጥፍ ይጀምራል። ለዜግነት የሚጠባበቅ የግሪን ካርድ ባለቤት ሲሆን ደግሞ የጥፋተኝነት ውሳኔ የኢሚግሬሽን ፋይሉንም ሊነካ ይችላል፤ ለወዳጁ ሲል ለ800 ዶላር መዋጮ ስሙን ያበደረ ሰው ብዙ ጊዜ ይህን አያስበውም።

ማን መስጠት ይችላል?

ዜጋ ይችላል። የግሪን ካርድ ባለቤትም ይችላል፤ መምረጥ ባይችልም መስጠት ይፈቀድለታል። በጥገኝነት ጥያቄ ላይ ያለ፣ በጊዜያዊ ከለላ የሚኖር፣ በተማሪ ወይም በሥራ ቪዛ ያለ ሰው ግን፣ ግብር ቢከፍልም፣ አሥር ዓመት ቢኖርም፣ አምስት ዶላር እንኳ መስጠት አይፈቀድለትም። ይህ ክልከላ የፌዴራሉን ምርጫ ብቻ ሳይሆን የግዛቱንም፣ የከተማውንም፣ የትምህርት ቤት ቦርዱንም ይጨምራል። እነዚህ ሰዎች ማድረግ የሚችሉት ያለ ክፍያ መሥራት ነው፦ በር ማንኳኳት፣ ስልክ መደወል፣ ወረቀት መበተን። ገንዘቡ የት ይውል፣ ማን ይቀጠር በሚለው ውሳኔ ውስጥ ግን መግባት የለባቸውም።

አንድ ነገር በቅንፍ፦ በበጎ ፈቃድ የመራጮች ምዝገባ ላይ የምትሠሩ ከሆነ «ዜጋ ነኝ» የምትለዋን ሳጥን ሳያነብ እንዲሞላ ማንንም አታጣድፉ። ዜጋ ሳይሆኑ ዜጋ ነኝ ማለት ከአገር እስከ መባረር ያደርሳል፣ ለእጩውም አንዲት ድምፅ አትጨምርለትም።

ከአገር ውጭ የሚመጣ ገንዘብ ለዲያስፖራ እጩ የተለየ ወጥመድ ነው። ዱባይ፣ ስቶክሆልም ወይም አዲስ አበባ ያለ ወንድም በወገኑ ልጅ ኮርቶ ሊልክ ይፈልጋል፤ የአሜሪካ ዜግነት ወይም ግሪን ካርድ ከሌለው አይቻልም። መስጠት ብቻ አይደለም፣ መጠየቅም ክልክል ነው። ስለዚህ የመዋጮውን ሊንክ ግማሹ አባል ባሕረ ሰላጤ በሚኖርበት የቴሌግራም ግሩፕ ላይ ዝም ብሎ መለጠፍ አይበጅም፤ ከላዩ «የአሜሪካ ዜጎችና የግሪን ካርድ ባለቤቶች ብቻ» የሚል መስመር በአማርኛ ይጻፍ። የውጭ አገር አድራሻ፣ የውጭ ባንክ ቼክ ወይም የውጭ ፓስፖርት ያየ ገንዘብ ያዥ መጠየቅ አለበት። አዲስ አበባ የሚኖር አሜሪካዊ ዜጋ ከሆነ የጸና የአሜሪካ ፓስፖርቱን ቅጂ መቀበል ዘመቻውን ይጠብቀዋል።

ጄይ ኪምን የጣላቸው ይኸው የውጭ ገንዘብና ቀጥሎ የምናየው የኩባንያ ገንዘብ ነው። ሶል የተወለዱት ኪም በ1961 አሜሪካ ገብተው መሐንዲስ ሆኑ፣ የራሳቸውን ኩባንያ አቋቋሙ፣ ካሊፎርኒያ ውስጥ የዳይመንድ ባር ከተማ ከንቲባ ሆኑ፤ በ1992 ደግሞ ለአሜሪካ ኮንግረስ የተመረጡ የመጀመሪያው የኮሪያ ተወላጅ ሆኑ። የኮሪያ ኩባንያዎች የአሜሪካ ቅርንጫፎች ደስታቸውን በገንዘብ ገለጹ፦ ሠራተኞቻቸው ቼክ ጻፉ፣ ኩባንያው ተካላቸው። አምስቱ፣ ሂዩንዳይና የኮሪያ አየር መንገድ ያሉበት፣ ጥፋታቸውን አምነው በድምሩ 1.6 ሚሊዮን ዶላር ተቀጡ። በ1997 የኪም ገንዘብ ያዥ ጥፋተኛ ተባለ። በዚያው ዓመት ኪምና ባለቤታቸው ከ230,000 ዶላር በላይ ሕገ ወጥ መዋጮ መቀበላቸውን አመኑ፤ ከዚህ ውስጥ 50,000 ዶላሩ ከአንድ የታይዋን ዜጋ የመጣ ነበር፣ ሌላም ከገዛ ኩባንያቸው የመጣ ነበረበት። በመጋቢት 1998 ሁለት ወር የቤት ውስጥ እስር፣ የአንድ ዓመት አመክሮ፣ 200 ሰዓት የማኅበረሰብ አገልግሎትና 5,000 ዶላር መቀጮ ተፈረደባቸው። የኮንግረስ አባል ቁርጭምጭሚታቸው ላይ የኤሌክትሮኒክ መቆጣጠሪያ ታስሮላቸው ወደ ሥራ ሄዱ። በሰኔ በተደረገው የፓርቲ ምርጫ ተሸነፉ።

ገዛ ኩባንያቸው የሚለው ብዙ ሰው ይገርመዋል። «የራሴ ገንዘብ አይደለም እንዴ?» አይደለም። እጩ ከግል ኪሱ ያለ ገደብ ለራሱ ዘመቻ መስጠት ይችላል። በኮርፖሬሽን የተመዘገበ ድርጅት ግን፣ መቶ በመቶ ባለቤቱ እሱ ቢሆንም፣ ለፌዴራል እጩ በቀጥታ መስጠት አይችልም። የኩባንያው ጸሐፊ በሥራ ሰዓት የዘመቻ ስልክ ስታነሣ፣ የኩባንያው ማተሚያ ፖስተር ሲያወጣ፣ ያ ሁሉ መዋጮ ነው። የኤልኤልሲ (ኃላፊነቱ የተወሰነ ድርጅት) ጉዳይ በግብር አከፋፈሉ ይወሰናል፦ አንድ ባለቤት ያለውና እንደ ኮርፖሬሽን ግብር ለመክፈል ያልመረጠ ከሆነ ገንዘቡ እንደ ባለቤቱ የግል መዋጮ ይቆጠራል፤ እንደ ኮርፖሬሽን የሚከፍል ከሆነ ክልክል ነው። ባለ ሬስቶራንቱ ቼክ ሲያወጣ ይህን ካላወቀ የግል ቼኩን ይጻፍ፤ የሚቀለው እሱ ነው።

«የእኔ ገንዘብ» የሚለው በሌላ በኩልም ያሳስታል። እጩው ከወንድሙ 40,000 ዶላር ተበድሮ «ከኪሴ» ብሎ ቢያስገባ፣ ያ የወንድሙ መዋጮ ነው፣ ከገደብም አልፏል። ብድር ለዘመቻ ሲሆን እስኪመለስ ድረስ መዋጮ ነው። በባንክ ብድር ላይ ዋስ የሆነም በዋስትናው ልክ እንደሰጠ ይቆጠራል።

በ2025 እና 2026 የምርጫ ዙር አንድ ግለሰብ ለአንድ የፌዴራል እጩ መስጠት የሚችለው በአንድ ምርጫ 3,500 ዶላር ነው። የፓርቲ ምርጫና ጠቅላላው ምርጫ ለየብቻ ስለሚቆጠሩ በድምሩ 7,000 ይሆናል። ግዛቶችና ከተሞች የየራሳቸው ገደብ አላቸው፤ ቨርጂኒያ ለግዛት ምርጫ ጭራሽ ገደብ የላትም። ስለዚህ አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ ያለው ዘመድ የነገራችሁ ሕግ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ ላይ ላይሠራ ይችላል። ከዚህ በታች ያለው የፌዴራሉ ሕግ ነው።

ገንዘቡ የሚመጣበት መልክ

ጥሬ ገንዘብ፦ ከአንድ ሰው ለአንድ ዘመቻ በድምሩ ከ100 ዶላር በላይ አይፈቀድም። የሚበልጠው ይመለሳል። ስም የሌለው ገንዘብ ደግሞ ከ50 ዶላር በላይ አይያዝም። አዳራሽ ውስጥ ሳህን ወይም ኮፍያ ማዞር በልማዳችን ያለ ነው፤ ካደረጋችሁ ከጎኑ ስም የሚመዘግብ ሰው ይቀመጥ።

ቼክ፦ ባልና ሚስት የጋራ ሂሳብ አላቸው እንበል። ባልየው ለፓርቲው ምርጫ ብቻ የ7,000 ዶላር ቼክ ጽፎ ብቻውን ፈረመ፣ «ግማሹ የእሷ ነው» አለ። አይደለም፤ ቼኩ የፈራሚው ነው፣ 3,500 ዶላርም ከገደብ በላይ ነው። ሁለቱም ከፈረሙ ግን እኩል ይካፈላል። የተሳሳተውን ለማቃናት ዘመቻው 60 ቀን አለው፤ ባልና ሚስቱ ሁለቱም በጽሑፍ ፈርመው የየድርሻቸውን ያረጋግጣሉ፣ ካልሆነ ትርፉ ይመለሳል።

መኒ ኦርደር፦ ሕጋዊ ነው፣ ግን ገንዘቡ ከማን ሂሳብ እንደወጣ አያሳይም። ተከታታይ ቁጥር ያላቸው አሥር መኒ ኦርደሮች በአሥር ስም ከመጡ ኦዲተሩ መጀመሪያ የሚያነሣቸው እነሱን ነው።

ዜልና ካሽ አፕ፦ እዚህ ላይ ነው ቅን ሰዎች የሚሳሳቱት። አስተባባሪዋ በግል ስልኳ መዋጮ ትቀበላለች፣ ሲጠራቀም አንድ ላይ ወደ ዘመቻው ትልካለች። ለዘመቻው የደረሰው አንድ ትልቅ ገንዘብ ነው፣ በእሷ ስም። ይህ ከገደብ ሊያልፍ ይችላል፣ የዘመቻና የግል ገንዘብ ተቀላቅሏል፣ የእውነተኞቹ ለጋሾች ስምም ጠፍቷል። ለእጩ ብሎ መዋጮ የተቀበለ ሰው በ10 ቀን ውስጥ ከነስሙ ለገንዘብ ያዡ ማስረከብ አለበት። የሚሻለው ግን ከመጀመሪያው በእጅ አለመቀበል ነው። ለዚህ ሥራ የተዘጋጁ የክፍያ ገጾች አሉ፤ ለጋሹን ስም፣ አድራሻ፣ ሥራና አሠሪ ይጠይቁታል፣ «ገንዘቡ የራሴ ነው፣ ዜጋ ወይም ቋሚ ነዋሪ ነኝ» የሚል ሳጥንም ያስሞሉታል። ያቺ ሳጥን ለአዛውንቶቹ በአማርኛ ትነበብላቸው። እናት ልጇ ባዘጋጀላት ስልክ፣ በልጇ ካርድ፣ በራሷ ስም እንድትሰጥ ማድረግም ስም ማበደር ነው።

በዓይነት የሚሰጥ፦ ባለ ሬስቶራንቱ ለ80 እንግዳ ክትፎና ዶሮ ወጥ በነጻ ካቀረበ የምግቡ ዋጋ መዋጮ ነው፤ ድርጅቱ ኮርፖሬሽን ከሆነ ደግሞ ክልክል። መውጫው አለ፦ ከወጪው ባላነሰ ዋጋ በቅናሽ መሸጥ ይቻላል፣ ቅናሹ በአንድ ምርጫ እስከ 1,000 ዶላር ከሆነ እንደ መዋጮ አይቆጠርም። ቤቱ ድግስ የሚያደርግ ግለሰብም ለምግብ፣ ለመጠጥና ለጥሪ ወረቀት እስከ 1,000 ዶላር፣ ባልና ሚስት ሲሆኑ እስከ 2,000 ዶላር፣ ሳይቆጠርበት ማውጣት ይችላል። ዘፋኝ በነጻ ቢዘፍን የበጎ ፈቃድ ሥራ ነው። የድምፅ መሣሪያውን ኪራይ ሌላ ሰው ከከፈለ ግን የከፋዩ መዋጮ ነው።

ቤተ ክርስቲያን፣ መስጊድ፣ እድርና የኮሙኒቲ ማኅበር ከሣጥናቸው ለእጩ መስጠት አይችሉም። አብዛኞቹ እንደ ኮርፖሬሽን የተመዘገቡ ናቸው፤ ከግብር ነጻ የሆኑትም ያንን መብት አደጋ ላይ ይጥላሉ። አዳራሹን ለሌላው በሚያከራዩበት ዋጋ ለእጩው ማከራየት ይችላሉ። ደረሰኙ ይቀመጥ።

ገንዘብ ያዡ

የአብዛኛው የስደተኛ እጩ ዘመቻ ገንዘብ ያዥ ዘመድ ወይም የታመነ የቤተሰብ ወዳጅ ነው፣ ብዙውን ጊዜም ወጣት። ይህ ስህተት ነው ብለን እናምናለን። መታመኑ ጥሩ ነው፤ ግን ይህ ሰው እምቢ ማለት የሚችል መሆን አለበት፣ ለታላቅም፣ ለቄስም፣ ለእጩውም። በሁለቱም ታሪኮች እጩው ሳይከሰስ ገንዘብ ያዡ ፍርድ ቤት መቆሙን ልብ ይሏል።

ለፌዴራል ምርጫ ከ5,000 ዶላር በላይ የሰበሰበ ወይም ያወጣ ሰው በሕግ እጩ ነው። በ15 ቀን ውስጥ እጩነቱን ያሳውቃል፤ ኮሚቴው ደግሞ በ10 ቀን ይመዘገባል። «ገና እየሞከርኩ ነው» በሚባልበት ጊዜም የመዋጮው ገደብና ክልከላ ይሠራል። ኮሚቴው ያለ ገንዘብ ያዥ አንድ ዶላር መቀበልም ማውጣትም አይችልም፤ ስለዚህ ምክትል ከመጀመሪያው ይሰየም፣ ሰው ይታመማል፣ ይሄዳል።

የገባ ገንዘብ በ10 ቀን ውስጥ ወይ ባንክ ይገባል ወይ ይመለሳል። የሚያጠራጥር ከሆነ ባንክ ገብቶ ይጠየቅበታል፤ ሕጋዊነቱ ካልተረጋገጠ በ30 ቀን ውስጥ ይመለሳል፣ እስከዚያም አይነካም። በዙሩ ውስጥ ከ200 ዶላር በላይ የሰጠ ሰው ስሙ፣ አድራሻው፣ ሥራውና አሠሪው በሪፖርት ይወጣል። ታክሲ ነጂው «ሥራ» በሚለው ላይ ባዶ ቢተው ዘመቻው በ30 ቀን ውስጥ መልሶ ሊጠይቀው ይገባል። ምርጫው ሊደርስ ሲል የሚመጣ 1,000 ዶላርና ከዚያ በላይ በ48 ሰዓት ውስጥ ይገለጻል። ሪፖርት ከወጣ በኋላ ሰነዶቹ ሦስት ዓመት ይቀመጣሉ።

ወጪውም ሕግ አለው። መለኪያው አንድ ጥያቄ ነው፦ ይህ ወጪ እጩ ባትሆን ኖሮም ይኖር ነበር? የቤት ኪራይ፣ የመኪና ብድር፣ የልጅ ትምህርት ቤት ክፍያ መልሳቸው «አዎ» ነው፣ ስለዚህ ክልክል። በዘመቻው ምክንያት ብቻ የመጣ የሞግዚት ወጪ ግን ከ2018 ጀምሮ ተፈቅዷል። የተበደሩትን «በኋላ እተካዋለሁ» ማለት አያድንም፤ የዘመቻ ሂሳብ የእቁብ ዕጣ አይደለም።

ሲበላሽ

ብዙ ጉዳይ የሚጀምረው ከሕዝብ መዝገብ ነው። የፌዴራል ሪፖርት ኢንተርኔት ላይ ለማንም ክፍት ነው፣ የተቀናቃኝ ዘመቻም ሰው መድቦ ያነባል። የሚያስጠረጥረው ሁልጊዜ ያው ነው፦ የአንድ ሬስቶራንት ሠራተኞች ሁሉ በአንድ ቀን አንድ ዓይነት መጠን ሲሰጡ፤ በሰዓት የሚከፈለው ሰው ከፍተኛውን ሲሰጥ፤ አንድ አድራሻ ላይ ብዙ ለጋሽ ሲገኝ፤ በአንድ እጅ የተሞሉ ቅጾች። አንዳንዱ ንጹሕ ማብራሪያ አለው። አንድ ቤት ውስጥ ስድስት ሰው መኖሩ ለእኛ ብርቅ አይደለም። ማብራሪያው ግን ጋዜጠኛ ከመምጣቱ በፊት በፋይል ውስጥ ቢገኝ ይሻላል፤ ለአዛውንት ቅጽ የሞላ ሰው ስሙንና «እኔ ሞላሁላቸው፣ እሳቸው ፈረሙ» የሚለውን ከጎኑ ይጻፍ።

ችግሩ ዘመቻው ውስጥ ከታየ ቅደም ተከተሉ ይህ ነው። መጀመሪያ ያ ገንዘብ ይቁም፣ አይውጣ። ቀጥሎ የምርጫ ሕግ የሚያውቅ ጠበቃ ይጠራ፤ የኢሚግሬሽን ጠበቃችሁ የቱንም ያህል ጎበዝ ቢሆን ይህ ሥራው አይደለም። ከዚያ ገንዘቡ ይመለስ፣ ሪፖርቱ ይታረም፣ ከባድ ከሆነም ጠበቃው ራሱ ለፌዴራሉ የምርጫ ኮሚሽን ያሳውቅ። ሳይጠየቁ ቀድሞ መናገር ቅጣት ያቀላል። ለምርጫ ኮሚሽን የተነገረ ነገር ግን ለዐቃቤ ሕግ አልተነገረም ማለት አይደለም፤ ለዚህ ነው ጠበቃው የሚቀድመው።

ማድረግ የሌለባችሁ ነገር ደግሞ ይህ ነው። የቴሌግራም መልእክት አይሰረዝ። ቅጽ በወደ ኋላ ቀን አይሞላ። ለጋሾች ተሰብስበው «እንዲህ በሉ» አይባሉ። መርማሪ በር ቢያንኳኳ «በጠበቃዬ በኩል እናገራለሁ» ማለት መብት ነው፣ ለዜጋም ለግሪን ካርድ ባለቤትም። ለኤፍቢአይ ሐሰት መናገር ግን በራሱ እስከ 5 ዓመት የሚያሳስር ወንጀል ነው፤ ጥያቄው ስለ 800 ዶላር ቢሆንም። የሊው ገንዘብ ያዥ ጥፋተኛ ከተባለችባቸው ክሶች መካከል ይህ ዓይነቱ እንደሚገኝበት ከላይ ብለናል።

ስሙን አበድሮ አሁን የደነገጠ ሰውም ከዘመቻው ጠበቃ ምክር አይጠይቅ። ያ ጠበቃ የሚቆመው ለዘመቻው ነው፤ የሁለቱ ጥቅም ደግሞ ከዚያች ቀን ጀምሮ አንድ አይደለም። የራሱን ይያዝ። አቅም ከሌለው በየግዛቱ ያለው የጠበቆች ማኅበር ዝቅተኛ ዋጋ ወዳለው የመጀመሪያ ምክክር ብዙ ጊዜ ይመራል። ሲሄድም የባንክ መግለጫውን፣ የመዋጮውን ደረሰኝና ገንዘቡን የተካለት ሰው የላከለትን መልእክት ሳይነካ ይዞ ይሂድ።